ዳዋ የዋጠውን መሬት ለማጽዳት ማሽን ስትከራዩ፦ ከልኬት እስከ ርክክብ

ለዓመታት ጦም ያደረ መሬት ፊት ስትቆሙ መጀመሪያ የሚያስደነግጠው ቁመቱ ነው። ሳሩ ሰው ይውጣል፣ ሐረጉ ቁጥቋጦውን ጠቅልሎታል፣ መሐሉ ላይ ምን እንዳለ አይታይም። ያን ጊዜ ሐሳብ ሁሉ «አንድ ትልቅ ማሽን አስገብቼ ልገላገል» ወደሚለው ይሮጣል። እኔም የመጀመሪያውን መሬት ያስጸዳሁት እንዲሁ ነበር። ዶዘር ገባ፤ እስከ ማታ ሁሉንም ጠርጎ ዳር ላይ ከመረው። መሬቱ እንደ አውድማ ለጥ ብሎ ሳየው ደስታዬ ወደር አልነበረውም። ዝናብ ሲጥል ነገሩ ተገለጠልኝ። ዶዘሩ ከዳዋው ጋር ለም አፈሩንም ጠርጎት ኖሮ፣ የቀረው የታች አፈር ውሃ አላሰርግ አለ፤ የተከልኳቸው ችግኞችም ዓመት ሙሉ ባሉበት ቀሩ። አረሙ ግን ዳር በተከመረው ጥራጊ ላይ ከቀድሞው ይበልጥ ለምልሞ በቀለ፤ ጥሩው አፈር ያለው እዚያ ነበርና።

ሒሳቡን የሠራሁት በኋላ ነው። ከ2,000 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 10 ሴንቲ ሜትር አፈር ብቻ ቢጠረግ 200 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ገልባጭ መኪና ከ12 ጉዞ በላይ ማለት ነው። ያን ያህል ለም አፈር ገዝቶ የመለሰ ሰው አላውቅም።

ስለዚህ ማሽን የምንመርጠው በዳዋው ቁመት ተደናግጠን መሆን የለበትም። መሬቱ ወደፊት ለምን እንደሚውል፣ በብዛት ያለው ግንድ ምን ያህል እንደሚወፍር፣ ማሽኑ የሚያልፍበት ጠባቡ ቦታ ስንት ሜትር እንደሆነ፦ እነዚህን ሦስቱን ይዞ ወደ አከራይ የሄደ ሰው የሚከራየውን ያውቃል። ቀጥሎ ያለው እነዚህን በቅደም ተከተል እንዴት እንደምታገኟቸው ነው።

1. ስሩ ይውጣ ወይስ ይቅር?

ከሁሉ በፊት የሚመለሰው ይህ ጥያቄ ነው፤ የማሽኑን ዓይነት ለሁለት የሚከፍለው እሱ ነውና። በአንድ ወገን ከመሬት በላይ ያለውን የሚቆርጡና የሚፈጩ ማሽኖች አሉ። በሌላ ወገን አፈር ቆፍረው ስር የሚነቅሉ አሉ። የመጀመሪያዎቹ አፈሩን ሳይነኩ ያልፋሉ፤ ሁለተኛዎቹ ምንም ያህል ጥሩ ኦፕሬተር ቢይዛቸው አፈሩን ይገለብጣሉ።

ቤት ወይም ግንብ የሚያርፍበት ቦታ ከሆነ ጉቶና ወፍራም ስር መውጣት አለበት። ከመሠረት ስር የቀረ ስር ሲበሰብስ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ወለሉም ወደዚያ ይሰምጣል። እዚያ ላይ የላይኛው አፈር መነሳቱ አይቀርም፤ ብቻ ከዳዋው ጋር ተደባልቆ እንዳይጣል ለብቻው ይከመር፣ በኋላ ለጓሮ ይሆናል። የሚታረስ መሬት ከሆነ ማረሻ የሚይዝ ጉቶ ይውጣ፤ አፈሩ ግን ይቅር። የግጦሽ ወይም የፍራፍሬ ቦታ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቆርጦና ፈጭቶ ማለፍ ይበቃል። ተዳፋት ከሆነማ ስሩን አትንኩት፤ አፈሩን ይዞ ያለው እሱ ነው።

አንድ መሬት ላይ ሁለቱም ሊያስፈልጉ ይችላሉ። ቤቱ የሚያርፍበት 200 ካሬ ሜትር ስለሚቆፈር ቀሪው 1,800 ካሬ ሜትር አብሮ መቆፈር የለበትም።

ዛፍ ለመቁረጥ ፈቃድ የሚጠየቅበት ቦታ ብዙ ነው። ማሽን ከመቅጠራችሁ በፊት ፈቃዱን አውጡ፣ የወሰን ድንጋዮቹንም ፈልጋችሁ ምልክት አድርጉባቸው። ዶዘር የወሰን ድንጋይ አይለይም።

2. ገብታችሁ ቁጠሩ

ይህን ደረጃ የሚዘለው ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ግን ጊዜ ስጡት የምለው ለዚህ ነው። ግማሽ ቀን ይበቃል። ቦት ጫማ፣ ወፍራም ሱሪና ጓንት ልበሱ፤ ረጅም ዱላ፣ ሜትር፣ ገመድና ደማቅ ቀለም ያለው ጨርቅ ያዙ። በዱላው ፊት ፊታችሁን እየነካካችሁ ግቡ። እባብና የንብ መንጋ ብቻ አይደለም የሚፈራው፤ ዳዋ የሸፈነው አሮጌ ጉድጓድ ወይም ክዳኑ የበሰበሰ የሽንት ቤት ጉድጓድ ሰውንም ማሽንንም ይውጣል። ያገኛችሁትን ጉድጓድ፣ ድንጋይ፣ የሽቦ አጥር፣ ብረት፣ የውሃ ቧንቧ ሁሉ ረጅም እንጨት ተክላችሁ ጫፉ ላይ ጨርቅ እሰሩበት፤ ጨርቁ ከዳዋው በላይ መታየት አለበት።

ከዚያ ቆጠራ። በገመድ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ከልሉ፤ 100 ካሬ ሜትር ነው። በውስጡ ያለውን ግንድ ሁሉ በውፍረቱ ቁጠሩ። ሜትር እያወጣችሁ አትልፉ፤ ሰውነታችሁ ይበቃል። አውራ ጣት የሚያክል ግንድ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ፣ የእጅ አንጓ የሚያክል 5 ወይም 6፣ ባት የሚያክል ከ10 በላይ ነው። የምትለኩት ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ነው፤ ማሽኑም የሚቆርጠው እዚያ አካባቢ ነውና። ደረት ላይ ቀጭን መስሎ የታየ ቁጥቋጦ ከታች ሲታይ ከአንድ ጉቶ አሥር ሆኖ የወጣ ወፍራም ነገር ሊሆን ይችላል።

በሦስት የተለያዩ ቦታዎች ይህን ድገሙና አማካዩን ውሰዱ። እንበልና 50 ሜትር በ40 የሆነ፣ ማለትም 2,000 ካሬ ሜትር መሬት ላይ በየአራት ማዕዘኑ በአማካይ 40 አውራ ጣት የሚያክል፣ 9 አንጓ የሚያክል፣ 1 ባት የሚያክል ግንድ አገኛችሁ። መሬቱ እንዲህ ያለ 20 አራት ማዕዘን ይይዛል፤ ስለዚህ በጠቅላላው 800፣ 180 እና 20 ናቸው። አሁን ነገሩ መልክ ያዘ። 20ዎቹን ወፍራሞች አንድ ሰው በሞተር መጋዝ በአንድ ቀን ይጥላቸዋል። ለቀሪው 980 ግንድ አንጓ የሚያክለውን የሚችል መካከለኛ ማሽን ይበቃል። ይህን ሳይቆጥር የሄደ ሰው ግን በእነዚያ 20 ግንዶች ተደናግጦ ለመላው መሬት የደን መፍጫ (ወፍራም ግንድ ቆሞ እያለ የሚፈጭ ከባድ ማሽን) ይከራያል።

ስትቆጥሩ የዕፅዋቱንም ዓይነት ልብ በሉ። ባህር ዛፍ፣ የወፍ ቆሎ፣ ፕሮሶፒስ (እሾሃማው መጤ ዛፍ) ቆርጣችሁ ብትሄዱ ከጉቷቸው ያቆጠቁጣሉ፤ አንዱ ግንድ አምስት ሆኖ ይመለሳል። ፕሮሶፒስ እንቡጦቹ ከመሬት ወለል በታች ስለሆኑ ከአፈር በላይ የሚደረግ ቆረጣ አይገድለውም። ሰርዶና ስሩን እያስረዘመ የሚስፋፋ ቀርከሃ ደግሞ በሌላ መንገድ ያስቸግራሉ፤ በማሽን ሲቆራረጡ እያንዳንዱ ቁራጭ አዲስ ተክል ሊሆን ይችላል፣ በማሽኑ ሰንሰለት ተጣብቆም ንጹሕ ወደነበረው ጥግ ይጓዛል። ቁልቋል ካለ ለኦፕሬተሩም ለሠራተኛውም አስቀድማችሁ ንገሩ። ነጭ ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል፣ ዓይን እስከማጥፋትም ሊደርስ ይችላል፤ በሚሽከረከር ምላጭ ሲመታ ደግሞ በየአቅጣጫው ይረጫል። እሱን በእጅ፣ መነጽርና ጓንት አድርጎ ቀድሞ ማንሳት ነው።

3. በር፣ አፈር፣ ተዳፋት

የበሩን ስፋት ለኩ። ከበሩ በፊት ያለውን መንገድም፣ ድልድዩንም፣ ከላይ የሚያልፈውን ሽቦም። ለግምት ያህል፦ ከ1.5 እስከ 2 ቶን የሚመዝን ሚኒ ኤክስካቫተር (ትንሽ ባለ ክንድ መቆፈሪያ) ስፋቱ 1 ሜትር ገደማ ነው። 5 ቶን የሚሆነው 2 ሜትር ያህል ይሆናል። የስኪድ ስቲር ሎደር (ብዙ ሰው ቦብካት የሚለው) እንደ መጠኑ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ይፈልጋል። 20 ቶኑ ትልቅ ኤክስካቫተር ደግሞ 3 ሜትር ይጠጋል፤ በሎቤድ (ማሽን በሚጭን ዝቅ ያለ ተጎታች) ተጭኖ ስለሚመጣ የሎቤዱን መታጠፊያም አስቡ። ማሽኑ በበሩ ቢያልፍ እንኳ ሎቤዱ የሚያራግፍበት ቦታ ከሌለ ከሩቅ መንገድ አስፋልቱን እየቧጠጠ በሰንሰለቱ ሊመጣ ነው።

በመሬቱ ላይ የኤሌክትሪክ መስመር የሚያልፍ ከሆነ የኤክስካቫተር ክንድ ከሽቦው ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ አለበት፤ ለከፍተኛ ቮልቴጅ ከዚያም በላይ ነው። ርቀቱን የመስመሩ ባለቤት ከሆነው ተቋም ጠይቁ። ከመሬት በታች የተቀበረ ገመድና ቧንቧ መኖሩንም ከየባለቤቱ ተቋም አጣሩ።

አፈሩን በእጃችሁ ፈትሹ። ከአንድ ስንዝር ጥልቀት ዝገኑና ጨብጡት፤ ከዚያ በጣት ነካ አድርጉት። ከተፈረፈረ ማሽን ይችላል። እንደ ሊጥ ተድቦልቡሎ ከቀረ ጠብቁ። በተለይ መረሬ አፈር ሲረጥብ ከባድ ማሽን ይውጣል፣ ባይውጠውም ማሽኑ አፈሩን ረጋግጦ ለዓመታት ውሃ የማያሳልፍ ጠንካራ ንጣፍ ይሠራል። ባለ ሰንሰለት ማሽን ክብደቱን ሰፋ ባለ ቦታ ስለሚበትን በለስላሳ መሬት ላይ ከባለ ጎማው ይሻላል። ግራርና ሌላ እሾህ በበዛበትም እንዲሁ፤ ጎማ ሲፈነዳ የሚባክነው ሰዓት የእናንተ ነው።

ተዳፋቱን ለመለካት የውሃ ልክ የተያዘበት ገመድ ይበቃል። በ10 ሜትር አግድም ርቀት ውስጥ መሬቱ 2.7 ሜትር ከወረደ ተዳፋቱ 15 ዲግሪ ነው። ተቀምጠው ለሚነዷቸው የሳር ማጨጃዎች ብዙ አምራቾች የሚሰጡት ጣራ ይህ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ማሽኑ በዚያ ተዳፋት መሥራት እንደሚችል ከመመሪያ መጽሐፉ ሳታረጋግጡ አታስገቡ። ትራክተር ተዳፋትን አግድም ሲሄድ በቀላሉ ይገለበጣል፤ መገልበጥን የሚከላከል የብረት ቅስትና ቀበቶ የሌለውን ትራክተር ለተዳፋት አትከራዩ።

4. ማሽኖቹን አንድ በአንድ

በትከሻ የሚንጠለጠለው ሞተር ማጨጃ ብዙ ሰው የሚንቀው ነው። ከጓሮ እስከ ጥቂት መቶ ካሬ ሜትር ላለ ቦታ ግን ምንም አይተካውም፤ በጠባብ በር ይገባል፣ ድንጋይ መሐል ይሠራል፣ ልታስቀሩት የምትፈልጉትን ዛፍ አይጎዳም። ምስጢሩ ምላጩ ላይ ነው። የናይሎን ገመዱ ለሳር ብቻ ነው። ባለ ሦስት ጥርሱ ብረት ለቁጥቋጦና ለእሾህ ይሆናል። ክቡ የመጋዝ ምላጭ አንጓ የሚያክል ግንድ ይቆርጣል። ስትከራዩ ሦስቱም እንዲሰጧችሁ ጠይቁ፤ ለብረቱ ምላጭ የሚሆነው መከለያም አብሮ ይምጣ። ምላጩ ጠንካራ ነገር ሲነካ ሰውየውን ወደ ጎን ይወረውረዋልና ሌላ ሰው 15 ሜትር ርቆ ይቁም።

ከእሱ ከፍ የሚለው ከኋላው እየተሄደ የሚገፋው ባለ ሞተር የዳዋ ማጨጃ ነው። ሰው የሚያክል ሳርና አውራ ጣትን ትንሽ የሚበልጥ ግንድ ያነሳል። ድንጋይ የበዛበት መሬት ላይ ግን ምላጩ ቶሎ ያልቃል።

ትራክተር ከኋላው ከሚጎተት የዳዋ ማጨጃ ጋር ለክፍት መሬት ዋነኛው ምርጫ ነው። እዚህ ላይ ትራክተሩንና ማጨጃውን የሚያጋጥም ሒሳብ አለ፦ ለእያንዳንዱ 30 ሴንቲ ሜትር የማጨጃ ስፋት 5 የፈረስ ጉልበት ይታሰባል። 1.5 ሜትር የሚሰፋ ማጨጃ ቢያንስ 25 የፈረስ ጉልበት ያስፈልገዋል፤ ዳዋው ከጠነከረ ከዚያ በላይ። ቀላሉ ዓይነት አውራ ጣት የሚያክለውን፣ ጠንካራው አንጓ የሚያክለውን ይቆርጣል። አከራዩ «ሁሉን ይቆርጣል» ካላችሁ የማጨጃውን ሞዴል ጠይቃችሁ የተጻፈውን የውፍረት ጣራ እዩ። ማጨጃውን የሚያዞረው ፒቲኦ የሚባለው ዘንግ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል፤ በሰከንድ 9 ጊዜ ማለት ነው። የሸሚዝ ጫፍ ከያዘ እጅ ለማውጣት ጊዜ የለም። ዘንጉ ላይ ያለው የፕላስቲክ ሽፋን ከተሰበረ ወይም ከሌለ ማሽኑን አትቀበሉ፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ሌላው የማጨጃ ዓይነት በአንድ ትልቅ ምላጭ ፈንታ ብዙ ትንንሽ መዶሻዎች በአግድም ዘንግ ላይ የተሰቀሉበት ነው። ድንጋይ ብዙ አይወረውርም፣ የቆረጠውንም አድቅቆ ይተወዋል። ቤት ወይም መንገድ አጠገብ ከሆናችሁ እሱን ምረጡ።

ስኪድ ስቲር ሎደር ራሱ ምንም አይቆርጥም፤ የሚሠራው ከፊቱ የሚገጠመው ነገር ነው። የዳዋ ማጨጃ፣ መያዣ ሹካ፣ የደን መፍጫ፣ ሁሉም ይገጠሙበታል። ችግሩ መፍጫው ብዙ የሃይድሮሊክ ዘይት ፍሰት መፈለጉ ነው። የተለመደው ማሽን በደቂቃ ከ65 እስከ 90 ሊትር አካባቢ ይሰጣል፤ አብዛኛው መፍጫ ግን ከ110 ሊትር በላይ ይሻል። የማይመጥን ማሽን ላይ የተገጠመ መፍጫ ይዞራል፣ ይጮኻል፣ ግንድ ሲነካ ይቆማል። የማሽኑን ፍሰትና የመፍጫውን ፍላጎት ሁለቱንም በቁጥር ጠይቁና አስተያዩ። በትክክል የተጋጠመ መፍጫ ባት የሚያክል ግንድ እንኳ ቆሞ እያለ ወደ ፍልጥ ይለውጠዋል፤ ፍልጡ መሬቱን ሸፍኖ ከዝናብ ይጠብቀዋል። ለአፈር የሚጨነቅ ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚወደው ሥራ ይህ ነው። ጉቶው ግን ከመሬት በታች ይቀራል።

ጉቶ ማውጣት ካለባችሁ ኤክስካቫተር። ከዶዘር የሚለየው አንዱን ጉቶ ነጥሎ፣ በዙሪያው ያለውን ስር ቆርጦ፣ አፈሩን አራግፎ ማውጣት መቻሉ ነው። በጥቅሉ 2 ቶኑ ሚኒ ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ጉቶ ጋር ሲታገል ይውላል፤ ከ5 እስከ 8 ቶን ያለው 30 ሴንቲ ሜትር ድረስ ይሠራል፤ ከዚያ በላይ ለሆነ ትልቁን ነው። ከባኬቱ (ከመቆፈሪያ ባልዲው) ፊት ለፊት የሚገጠም መያዣ ጣት ያለውን ጠይቁ፤ ያለ እሱ የተነቀለውን ማንሳትና መከመር ሥራውን እጥፍ ያደርገዋል። አንድ ትልቅ ስሕተት እዚህ ላይ አለ። ሰዎች ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ዛፉን ከመሬት እኩል ይቆርጡታል፤ ከዚያ ኤክስካቫተሩ የሚይዘው ነገር ያጣል። ሊነቀል ያለው ዛፍ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ግንድ ይተውለት፤ ኦፕሬተሩ እሱን እየገፋ ስሩን ይነቀንቀዋል።

ጉቶው ጥቂት ከሆነና ለመሠረት ካልሆነ የጉቶ መፍጫ ተከራዩ። ከወለል በታች እስከ 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ፈጭቶ ይተወዋል፤ ቀሪው ስር በጊዜው ይበሰብሳል።

ዶዘር የመጨረሻ ምርጫ ነው። መንገድ ሲቀደድ ወይም መሬቱ ለግንባታ ሲደለደል ቦታው አለው። ለእርሻ መሬት ግድ ካስፈለገ በድፍኑ ምላጭ ፈንታ አፈር የሚያሳልፍ ሹካ የተገጠመለትን ፈልጉ፤ ከሌለ ኦፕሬተሩ ምላጩን ከአፈሩ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ እንዲሄድ ተስማሙ።

5. የሰዓት ዋጋ ያሳስታል

አከራዮች ዋጋ የሚነግሩት በሰዓት ነው። እናንተ ግን ሥራው ሲያልቅ የምትከፍሉትን አስሉ። ምሳሌ ላሳይ። ማሽን «ሀ» በሰዓት 1 እጅ (አንድ የክፍያ መለኪያ በሉት) ይከፈለው፣ ማጓጓዣውም 1 እጅ ነው፤ ሥራውን በ20 ሰዓት ይጨርሳል። ማሽን «ለ» በሰዓት 4 እጅ ነው፤ በ3 ሰዓት ይጨርሳል። 3 በ4 12 ነውና «ለ» የረከሰ ይመስላል። ግን «ለ» ቢያንስ የ8 ሰዓት ክፍያ አለው፤ 32 እጅ ሆነ። ሎቤዱ ለመምጫና ለመመለሻ 12 እጅ ይጨምራል፤ 44። «ሀ» በ21 ይጨርስ ነበር። መሬቱ ሦስት እጥፍ ቢሆን ግን «ሀ» 61 ይደርሳል፤ «ለ» 9 ሰዓት ሠርቶ ከነሎቤዱ 48 ላይ ይቆማል። ስለዚህ ጎረቤታችሁም ዳዋ ካለው ትልቁን ማሽን ለሁለት መከራየት ብልህነት ነው።

ሰዓቱን ራሳችሁ ገምቱ። የማጨጃውን ስፋት በፍጥነቱ አባዙ፤ ለመታጠፊያና ለመደራረብ ሲሶውን ቀንሱ። 1.5 ሜትር ማጨጃ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 4,500 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ሲሶው ሲቀነስ 3,000። ጥቅጥቅ ባለ ዳዋ ውስጥ ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳልና 1,500 ካሬ ሜትር በሰዓት ያዙ። አከራዩ ከዚህ እጅግ የራቀ ቁጥር ከነገራችሁ ለምን እንደሆነ ይንገራችሁ፤ በቂ ምክንያት ሊኖረው ይችላል።

6. ከመፈረም በፊት

ኪራዩ ከነኦፕሬተሩ ነው ወይስ ማሽኑ ብቻ? ነዳጁ የማን ነው? ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ስንት ነው? ማሽኑ ሲበላሽ ሰዓቱ ይቆማል? ምላጭ ቢሰበር፣ ጎማ ቢፈነዳ ማን ይከፍላል? የጎረቤት አጥር ቢፈርስስ? መልሱ በቃል አይቅር፤ በውሉ ላይ ይጻፍ። ኦፕሬተሩ መንገድ የሚሠራ ብቻ ሳይሆን ዳዋ የመነጠረ ይሁን። ጥሩ ኦፕሬተር የያዘው መካከለኛ ማሽን ጀማሪ ከያዘው አዲስ ማሽን ይበልጣል።

የሰዓት ቆጣሪው የሚቆጥረው ሞተሩ በተነሣበት ጊዜ ሁሉ ነው፤ ሥራ ይኑር አይኑር። አንድ ጊዜ አንድ አከራይ የላከው ማሽን ኦፕሬተሩ ምሳ በልቶ እስኪመለስ ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሞ ቆየ፤ ማታ ያንንም አስከፈለኝ። ቁጥሩን ከጥዋት ጀምሬ ስላልያዝኩ የምከራከርበት አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ሲደርስ፣ ሥራ ሲጀምር፣ ለምሳ ሲቆምና ሲጨርስ ቆጣሪውን በስልኬ ፎቶ አነሣለሁ፤ ኦፕሬተሩም በየዕለቱ ወረቀት ላይ ይፈርምልኛል።

ማሽኑ ሲመጣ ዙሩት። ከስሩ የዘይት ጠብታ አለ? የሃይድሮሊክ ቱቦዎቹ ተሰነጣጥቀዋል? ምላጩ ስለት አለው፣ ስንጥቅስ? የደን መፍጫ ከሆነ የኦፕሬተሩ ፊት ለፊት ተራ መስታወት ሳይሆን ወፍራም ፖሊካርቦኔት (ጠንካራ ግልጽ ፕላስቲክ) መሆን አለበት። አሮጌ ጭረቶችን ፎቶ አንሡ። ከሌላ መሬት የመጣ አፈርና ሥር በሰንሰለቱ ላይ ካለም ከመግባቱ በፊት ታጥቦ ይግባ፤ የሌላ ሰው አረም ወደ እናንተ የሚመጣው እንዲህ ነው።

7. የሥራው ቀን

መጀመሪያ ከኦፕሬተሩ ጋር በእግር ዙሩ፤ የተከላችኋቸውን ጨርቆች አንድ በአንድ አሳዩት። የሚቀሩ ዛፎችን ከግንዳቸው ጠጋ ብሎ ሳይሆን ቅርንጫፋቸው እስከሚደርስበት ክለሉ፤ ስሩ እዚያ ድረስና ከዚያም አልፎ ይሄዳል።

የመጀመሪያው ዙር ከፍ ብሎ ይቆረጥ፣ ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል። ያኔ ያላያችሁት ድንጋይና ብረት ይገለጣል። ማሽኑን አቁሙና ልቀሙ፤ ሁለተኛው ዙር ወደ ታች ይወርዳል። የአጥር ሽቦ ከሁሉ የከፋ ነው። ምላጩ ሲይዘው ይጎትተዋል፣ ዘንጉ ላይ እንደ ክር ይጠመጠማል፣ ሙቀቱ የዘይት መያዣውን ጎማ ያቀልጠዋል፤ ከዚያ የማርሽ ሳጥኑ ዘይቱን ያፈሳል። እንዲህ ያለ ጥምጥም ለመፍታት ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ተነቅሎ፣ ማጨጃው በጠንካራ ድጋፍ ላይ ተቀምጦ በሽቦ መቁረጫ ጉንጉኑን አንድ በአንድ መፍታት ነው፤ ግማሽ ቀን የወሰደበትን አይቻለሁ።

ሰውን አርቁ። የደን መፍጫና ትልልቅ ማጨጃዎች እንጨትና ድንጋይ እስከ 90 ሜትር ድረስ ሊወረውሩ ይችላሉ። ትንሽ መሬት ላይ ይህ ርቀት ከአጥሩ ውጭ ይወጣል፤ ጎረቤትን አስቀድማችሁ ንገሩ፣ መኪናም ከአካባቢው ይነሣ። ልጆች ማሽን ለማየት መምጣታቸው አይቀርምና በር ላይ የሚቆም አንድ ሰው ይመደብ።

8. ጥራጊውና የሚያቆጠቁጠው

ጥራጊውን አትቅበሩት። የተቀበረ እንጨት ሲበሰብስ መሬቱ ይሰምጣል። ማቃጠልም አፈሩን ከስሩ ይጠብሰዋል፤ በብዙ ቦታም ክልክል ነው። ወፍራሙን ለማገዶና ለአጥር ለዩ፣ ቀጭኑን በእንጨት መፍጫ አስፈጩና ከ10 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት በትኑት። ተዳፋት ላይ ከሆነ ጥራጊውን ከተዳፋቱ ጋር አግድም ደርድሩት፤ የሚወርደውን አፈር ይይዛል። ፍሬና ዘር የያዘውን አረም ግን ከሌላው ለዩት፤ ሥር የሚሰዱትን የሰርዶና የቀርከሃ ቁራጮችም እንዲሁ።

ለኪራይ ከያዛችሁት ገንዘብ ላይ የተወሰነውን ለሁለተኛ ዙር አስቀሩ። ከቆረጣው በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ ዝናብ ካገኘ፣ ብዙው ጉቶ ያቆጠቁጣል። ያ ቡቃያ ኃይል ሳያጠራቅም፣ ጉልበት ላይ ሳይደርስ መቆረጥ አለበት። ያን ጊዜ ትልቅ ማሽን አያስፈልግም፤ በትከሻ የሚንጠለጠለውን ማጨጃ ለአንድ ቀን መከራየት ይበቃል። እንደ ፕሮሶፒስ ያለውን፣ አፈሩ ከዝናብ በኋላ ሲለሰልስ፣ በመቆፈሪያ ከወለል በታች ቢያንስ አንድ ስንዝር ወርዳችሁ ቁረጡት። የትኛው ጉቶ ገና እንደሚያቆጠቁጥ እንዳይጠፋችሁ በመጀመሪያው ዙር በደማቅ ቀለም ምልክት አድርጉባቸው፤ ሳሩ ከፍ ሲል በዓይን መፈለግ ከባድ ነው።